ያውቃል፣ ጠፍቶበት ነው እንጂ

«ለምኔ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ገና አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «ለምን?» ማለት የማይሰለቻት ልጅ ነበረች። ፀሐይ ለምን ትሞቃለች፣ ድመት ለምን ጫማ የላትም፣ አንተ ለምን ትቆጣለህ። አንድ ቀን ወንድሟ መጋዙን አስቀምጦ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለምን ለምን ከምትዪ ስምሽን ለምኔ ብለን እንገላገል!» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። አድጋ፣ ተምራ፣ ፀጉሯ ገብስማ ከሆነ በኋላ እንኳ በመሥሪያ ቤቷ ኮሪደር ላይ «ለምኔ!» ብሎ ሲጣራ ባልደረቦቿ በየበሩ ብቅ እያሉ ይስቁ ነበር።

ወላጆቻቸው የሞቱት እሷ የስድስት፣ እሱ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ሳሉ ነው። ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን መጎንጎን ቢያቅተው አሳጥሮ ቆረጠላት፤ ደብተሯን በአናጢ ማስመሪያው አሰመረላት፤ ስትመረቅ የወላጆች ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጭብጨባ አጨበጨበላት። ስለዚህ «ጋሼ» ስትለው ወንድሜም አባቴም ማለቷ ነበር።

እሱ አናጢ እንደሆነ ቀረ፤ እሷ አርኪዮሎጂስት ሆነች። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ግን ሁልጊዜ ይቸግራት ነበር። «አጥንት ነው የምትቆፍሪው?» ይሏታል። አይደለም። «ወርቅ ነው?» እሱም አይደለም። የእሷ ሥራ ከሞቱ ብዙ ሺህ ዓመት ያለፋቸው፣ ፊደል ያልነበራቸው ሰዎች ምን ያስቡ እንደነበር ማወቅ ነው። ሐሳብ ደግሞ እንደ አጥንት አፈር ውስጥ ተቀብሮ አይገኝም። የሚገኘው የሐሳብ ፍርፋሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ስለት ለማውጣት ባልጩት ድንጋይ ሲፈለፍል ፍንጣሪው እግሩ ሥር ይወድቃል። እሱ ስለቱን ይዞ ይሄዳል፤ ፍንጣሪው እዚያው ይቀራል። ለምኔና ባልደረቦቿ ያንን ፍንጣሪ አንድ ባንድ ይለቅሙታል፣ በነጭ ቀለም ቁጥር ይጽፉበታል፣ ከዚያም አሸዋ በተሞላ ትሪ ላይ ከወንድሞቹ ጋር እያጋጠሙ እንደተሰበረ ሸክላ መልሰው ድንጋይ ያደርጉታል። ሁሉም ሲገጥም የምቱ ተራ ይታወቃል። እዚህ ጋ መታ፤ አልሆነለትም፤ ድንጋዩን አዞረ፤ ጠርዙን አሻሸ፤ ደግሞ መታ። «አዞረ» ማለት አሰበ ማለት ነው። ሰውየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያሰበውን ለማንበብ አንዳንዴ ስምንት ወር ይፈጃል።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ራሱም ድንጋይ መፈልፈል መቻል አለበት። የለምኔ እጅ ግን ለዚህ አልታደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቷን ስትቆራርጥ ወንድሟ አይቶ አይቶ፣ «አምጪው እስቲ፣ ድንጋይም እኮ እንጨት ነው፤ የራሱ መስመር አለው» አላት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት። በአራተኛው ቅዳሜ ከእጁ የወጣው ስለት በመሥሪያ ቤቷ ሙዚየም መስታወት ውስጥ ካሉት ከጥንቶቹ ጎን ቢቀመጥ የሚለየው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሙዚየሙ ምድር ቤት ይመጣል፤ ጭኑ ላይ ቁራጭ ቆዳ ያነጥፋል፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይፈለፍላል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ «አሁን ለምን አዞርከው?» «ለምን አሻሸኸው?» እያለች ትጽፋለች። እሱም «ይኸው ጀመረሽ!» እያለ ይመልሳል። የሁለቱ የደስታ ቀን ቅዳሜ ነበረች።

የለምኔን ስም ያስጠራው አሥራ ሰባት ቁጥር ድንጋይ ነው። ከአንድ ዋሻ የወጣ፣ የሁለት መቶ ስድስት ፍንጣሪ ጥርቅም ነው። ሲገጥም የሁለት ሰው እጅ ታየበት፤ አንደኛው በቀኝ የሚሠራ፣ ሁለተኛው ግራኝ መሆናቸው ከምቱ አቅጣጫ ያስታውቃል። ቀኙ ጠርዙን ያስተካክላል፣ ያሻሻል፣ ለምት ያመቻቻል። ግራኙ ይመታና ያበላሻል። ቀኙ እንደገና ያስተካክላል፤ ግራኙ እንደገና ያበላሻል። አምስት ጊዜ። በመጨረሻ አንድም ስለት ሳይወጣው ድንጋዩ ተጣለ። ለምኔ «ቀኙ አስተማሪ፣ ግራኙ ጀማሪ ነው» ብላ ጻፈች። ሰው ወደደላት። ድንጋዩም በሙዚየሙ አዳራሽ መስታወት ውስጥ «ጀማሪው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ተቀመጠ።

ጎብኚ ሁሉ ሲያደንቅ ወንድሟ ብቻ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ ቆየ።

«ጀማሪ አይደለም» አለ።

«ለምን?» አለች እንደ ልማዷ።

«ጀማሪ የት እንደሚመታ አያውቅም፤ ያገኘው ላይ ነው የሚያሳርፈው። ይሄ ያውቃል። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ልክ ነው። የተዘባረቀው ተራው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚመታውን መጀመሪያ ይመታል።» ጣቱን መስታወቱ ላይ አስኬደ። «ያውቃል፣ ጠፍቶበት ነው እንጂ።»

«ጋሼ ደግሞ! የጥንቱን ሰውዬ የጎረቤት አናጢ አስመሰልከው» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ነገሩ በዚያው ተረሳ።

ከአንድ ዓመት በኋላ አንዲት ደንበኛ ወንድሟ የሠራላትን ቁም ሳጥን በጋሪ አስጭና መለሰችው። ሴትዮዋ ተቆጥታ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነበር። ቁም ሳጥኑ እንከን አይወጣለትም። መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም፤ መደርደሪያው ቀጥ ያለ ነው፤ የተላገው ፊቱ እንደ ሐር ይለሰልሳል። በሩ ግን ዙሪያውን በሚስማር ተመትቷል። አይከፈትም።

«እንዴት ነው ልብስ የማስገባው?» አለችው ሴትዮዋ።

ወንድሟ ቁም ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው። «እሱን እንጃ» አለ በመጨረሻ፣ ሌላ አናጢ የሠራውን የሚያይ ይመስል።

አብራው የምትኖረው ሴት ልጁ ነበረች፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። እሷ ናት ሐኪም ቤት የወሰደችው። የነርቭ ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለአክስትና ለወንድም ልጅ አብራራላቸው። በሽታው የመርሳት በሽታ ነው፤ መድኃኒት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። «እጃቸው የለመደው ነገር ቶሎ አይሄድም» አላቸው። «ቀድሞ የሚሄደው ዕቅዱ ነው። ምን ከምን በፊት እንደሚመጣ።»

ልጁ አለቀሰች። ለምኔ ግን አላለቀሰችም። «ምን ከምን በፊት እንደሚመጣ» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ተጣብቃ ቀረች።

ልጁ መጋዙንና መላጊያውን ቆልፋ አስቀመጠች፤ ቅዳሜን ግን አልከለከለችውም። «በሱ እንኳ ደስ ይበለው» አለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወንድሟ እንደወትሮው ቆዳውን ጭኑ ላይ አነጠፈ፣ መምቻውን መዘን መዘን አደረገና መታ። ፍንጣሪው ተሸርክቶ ወረደ፤ ንጹሕ ምት ነው። ድንጋዩን አዞረ። ደግሞ መታ፤ ይህም ንጹሕ ነው፤ ግን ጠርዙ ሳይስተካከል። ከዚያ ጠርዙን አሻሸ፤ ከመታው በኋላ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ሠርቶ አንድም ስለት ሳያወጣ ድንጋዩን አስቀመጠው።

ለምኔ ፍንጣሪውን ለቅማ ሳምንቱን ሙሉ ስታጋጥም ሰነበተች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ፍንጣሪ ቦታው ሲገባ ከትሪው ፊት ብድግ አለች። የወጣው ቁርጥ አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር። ግራኙ ጀማሪ፣ ቀኙም አስተማሪ አልነበሩም። ያ በዋሻው አፍ የተቀመጠ ሰው ያረጀ፣ አንድ ጊዜ ጎበዝ የነበረ፣ አእምሮው የከዳው ሰው ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም፣ የትም አገር፣ ከድንጋይ ላይ መርሳትን አንብቦ አያውቅም።

ልቧ በደስታ ዘለለ። በኋላ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት ይህንን ነው። ወንድሟ በቁሙ እየፈረሰ፣ እሷ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ አጨበጨበች።

ሮጣ ወደ ሥራ ክፍሏ ኃላፊ ሄደች። ኃላፊው ሽማግሌ ሊቅ ናቸው፤ ሰው ምንም ቢነግራቸው «ማስረጃው የታለ?» ስለሚሉ ተማሪ ሁሉ በሌሉበት «ማስረጃ» ነው የሚላቸው። አንድ ጊዜ ጸሐፊያቸው «ዝናብ መጣ» ብትላቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አረጋግጠዋል ይባላል።

«ግሩም ነው» አሉ ማስረጃ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ግን አንድ ድንጋይ ነው። አንድ ድንጋይ አጋጣሚ ነው። ሠላሳ አምጪልኝ።»

ሠላሳ በቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ወር ሊፈጅ ነው። ሐኪሙ ደግሞ በሰባት ወር ውስጥ ብዙ ነገር ሊጠፋበት እንደሚችል ተናግሯል። ለምኔ ወደ ወንድሟ ልጅ ሄደችና፣ «ሰኞና ረቡዕም ላምጣው። ያረጋጋዋል» አለቻት።

«እውነት ያረጋጋዋል?»

«ታውቂው የለ፣ ከእኔ ጋር ሲሆን።»

ልጁ እፎይ አለች። የሰው ልብስ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆልሏል፤ አባቷን ብቻውን ትታ ቁልፍ ልትገዛ እንኳ መውጣት አትችልም። «እግዜር ይስጥልኝ አክስቴ» አለቻት። ለምኔ ምስጋናውን ተቀበለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ያረጋጋው ነበር። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዐሥረኛው ድንጋይ ድረስ እያፏጨ ነው የሠራው። ከዚያ ግን የራሱን ጥፋት ማየት ጀመረ። በሽታው ዕቅዱን ወስዶበት ዓይኑን ትቶለት ነበርና፣ የተበላሸ ሥራ ሲያይ ተበላሸ ብሎ ያውቃል፤ እንዴት እንደተበላሸ ነው የማያውቀው። ለአርባ ዓመት አንድ እንጨት ያላጣመመ ሰው፣ በሳምንት ሦስት ቀን የገዛ እጁ የሠራውን ፍርስራሽ ጭኑ ላይ ይዞ ይቀመጥ ጀመር።

«ለምኔ» አላት አንድ ረቡዕ።

«ወይ ጋሼ።»

«ይሄን ነገር አውቀው ነበር፣ አይደል?»

«ታውቀው ነበር።»

«በደንብ?»

«ካንተ የሚበልጥ አልነበረም።»

ድንጋዩን አገላበጠው። «ታዲያ የት ሄደ?»

ለምኔ መምቻውን ከእጁ ተቀብላ፣ ፊቱን አብሳ፣ «ተወው፣ ዛሬ ወጥተን ፀሐይ እንሙቅ» ማለት ነበረባት። እሷም ታውቀዋለች። ግን ያ ሃያ አንደኛው ድንጋይ ነበር፤ ዘጠኝ ይቀራል። «ቀጥል ጋሼ፣ ጥሩ እየሄደ ነው» አለችው። እሱም ሁልጊዜ እሷ የፈለገችውን ሲያደርግ የኖረ ሰው ነውና ቀጠለ።

ሃያ ስድስተኛው ድንጋይ ላይ ልጁ ከሰዓቷ በፊት መጣች። ለአንድ ሙሽራ ቀሚስ አስረክባ በዚያው አባቷን ልትወስድ ነበር። ወደ ምድር ቤት ስትወርድ የድንጋይ ድምፅ ሰማች፤ እንደወትሮው ቆም እያለ ሳይሆን በላይ በላዩ፣ በር እንደሚሰብር ሰው። ገባች። አባቷ ድንጋዩን ይቀጠቅጠዋል። ከግራ እጁ ጣቶች መሐል ደም ቆዳው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን ወይ አልታወቀውም ወይ አልቆጠረውም። አክስቷ ሦስት ክንድ ርቃ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቱ የሚቀርጸው ካሜራ በእግሩ ቆሟል፤ ቀይ መብራቱ ይበራል።

«አባዬ!» ብላ እጁን ያዘችው። መምቻውን አስለቀቀችው። የአንገት ልብሷን አውልቃ ጣቶቹን ጠቀለለች።

«ትንሽ ነው የቆረጠው፣ አሁን ላስርለት ነበር» አለች ለምኔ ብድግ ብላ።

ልጁ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ደብተር አየች። በለምኔ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ድንጋይ 26። 3:40 አለቀሰ። 3:52 ቀጠለ። 4:05 እጁን ቆረጠ፤ ምቱ አልቆመም።

«አለቀሰ ብለሽ ጻፍሽ?» አለች ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።



«እሱ ሲያለቅስ አንቺ ሰዓትሽን አየሽ?»

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ማንም አግኝቶት አያውቅም። እኛ ብቻ ሳንሆን...»

«ያረጋጋዋል ብለሽኝ ነበር።»

«መጀመሪያ ላይ ያረጋጋው ነበር።»

«መጨረሻ ላይስ?»

ልጁ አባቷን ደግፋ አስነሳችው። «እኔ እቤት ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ፣ አባቴ እህቱ ጋ ነው፣ ደስ ብሎታል እያልኩ ነው የምውለው» አለች። «ሌላ ሰው ቢያደርገው እኮ እገለው ነበር። ከእንግዲህ አታገኚውም።»

እሱ በር ላይ ዞር ብሎ ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ እህቱን አየ። ልጁ ይዛው ወጣች።

አምስት ወር አለፈ። ለምኔ ስልክ ብትደውል አይነሳም፤ በር ብታንኳኳ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይልና እስክትሄድ ድረስ ዝም ይላል። እሷም ሐዘኗን በሥራ ልትሸፍን ሃያ ስድስቱን ድንጋዮች አንድ ባንድ ገጠመች። እያንዳንዱን ስታጋጥም የወንድሟን እጅ ምት በምት ትከተለዋለች። ሌሎች ሐዘንተኞች ፎቶ ያያሉ፤ እሷ የምታየው ይህንን ነበር። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ባሉት ላይ አንድ አዲስ ነገር አገኘች፤ ምቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ያለ ምክንያት እየጠነከረ። ብዙ ቀን ምክንያቱን ስትፈልግ ቆየችና አንድ ጠዋት ገባት። ፍርሃት ነው። ድንጋዩ ላይ ተጽፎ ያለው የወንድሟ ፍርሃት ነው። ያን ቀን ትሪውን ሸፍና ወደ ቤቷ ሄደች።

ጥናቷን በትንሹ አዳራሽ ስታቀርብ አርባ ያህል ሰው ተገኝቶ ነበር። የዋሻውን ድንጋይና የምድር ቤቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አሳየች። ተጨበጨበ። ሁሉም ዞሮ ማስረጃን አየ።

«ማስረጃው በቂ ነው» አሉ ማስረጃ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው ስላልነበረ ጥቂቶች ሳቁ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ድንጋዩን የፈለፈሉት ሰው ይህ ሁሉ ለምን እንደሚደረግ ያውቁ ነበር?»

«ወንድሜ ነው» አለች ለምኔ።

«መሆኑንማ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት እዚህ ሲመጡ ሰላም ብያቸዋለሁ።» ድምፃቸው የለሰለሰ ነበር። «እኔ የጠየቅሁሽ ያውቁ ነበር ወይ ነው።»

ለምኔ ወረቀቷን ሰበሰበች። «እህቴ ጋ ብሎ ነበር የሚመጣው» አለች። «ልንጫወት ነው ብሎ ነበር የሚመጣው።» ከመድረኩ ወረደች። ማስረጃ በኋላ ቢሯቸው ጠርተው፣ ቤተሰቡ በጽሑፍ ከፈቀደ ጥናቱ ሊታተም እንደሚችል ነገሯት። ለዚያ ፊርማ የወንድሟን ልጅ በር የምታንኳኳበት ፊት አልነበራትም። ጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሥራ ሰባት ቁጥር ዛሬም አዳራሹ ውስጥ አለ፤ ጽሑፉም አልተነሣም። ያ የዋሻው ሽማግሌ ዛሬም «ጀማሪው» ይባላል።

ጥናቷን ባቀረበች ማግስት ለምኔ ወደ ወንድሟ ቤት በእግሯ ሄደች። በሩን ስታንኳኳ የስፌት መኪናው አልቆመም። ሁለተኛ አላንኳኳችም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀትር ሲያልፍ በሩ ተከፈተ። ልጁ ከስታለች፤ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል።

«ደብተር ይዘሻል?» አለቻት።

«አልያዝኩም።»

ቦርሳዋን ከፍታ አሳየቻት። ልጁ አላየችም፤ ከበሩ ዘወር አለችላት። «ግቢ። እንዳታስለቅሺው ብቻ።»

ወንድሟ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ የልጁን ባዶ የክር መጠቅለያዎች ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ተላጭቷል። ሲያያት እንደ ጨዋ ሰው ብድግ አለ።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አላት። «ይቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆሙ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲላት፣ «አንቺ ልጅ» ሲላት፣ ሲቆጣት «አንቺን ነው» ሲላት የኖረ ወንድሟ፣ ያሳደጋት፣ «እርስዎ» አላት። ከዚያ ቀን በፊት አክብሮት ሰውን እንዲህ እንደሚገድል አታውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለችው። «ለምኔ ነኝ።»

ትክ ብሎ አያት። ፀጉሯ ላይ ዓይኑ ቆመ። «የሷ ፀጉር ጥቁር ነው» አለ በትሕትና፤ እጁ ግን የክር መጠቅለያውን አጥብቆ ያዘ። መደንገጡ ገባት። ልጁ ከኋላ ሆና አክስቷን ክርኗ ላይ ነካ አደረገቻት፤ ተይው ማለቷ ነው።

ለምኔ ተቀመጠች። «ያውቋታል ለምኔን?» አለችው።

«እህቴ እኮ ናት!» ፊቱ በራ። «እንዲህ ያለች ጠያቂ አይተው አያውቁም። ለምን ለምን እያለች ልብ ታወልቃለች።» ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየከሰመ ሄደ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሠራ ነበር። አሁን መምጣት ትታለች።»

«ምን ሆና?»

ወደ ጓዳ አየና ሰው እንዳይሰማው ጠጋ አላት። ግራ እጁ ላይ ጠባሳው ነጥቶ ይታያል። «ድንጋይዋን አበላሸሁባት» አለ። «አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። ጥሩ ድንጋይ ከሩቅ ቦታ ታመጣልኛለች፤ እኔ አበላሽባታለሁ። ምንም አትለኝም፤ ዝም ብላ ትጽፋለች። ተናዳብኝ ነው የቀረችው።»

ለምኔ እንዳታስለቅሺው መባሏን አስታውሳ የወንበሩን እጀታ ጨበጠች። «አልተናደደችም» አለች።

«በምን ያውቃሉ?»

«አውቃታለሁ። እሷ ናት ያጠፋችው። እሷ ናት ይቅርታ መጠየቅ ያለባት።»

ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ እርስዎ እሷን አያውቋትም። ልጅ ናት፤ ምን ታጠፋለች?» ትንሽ አሰበና፣ «ካገኟት ግን ይንገሩልኝ» አላት። «እጄ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ ሆን ብዬ አይደለም ይበሉልኝ።»

«እነግራታለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንግዳ ሆና ትመጣ ጀመር። ልጁ ገበያ ስትወጣ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ክር መጠቅለያውን አብራው ትደረድራለች፤ ምሳውን ታጎርሰዋለች። «ምነው አስቸገርኩዎት» ይላታል። ስለ እህቱ በመጣች ቁጥር ይነግራታል፤ እሷም አልተናደደችም ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ያምናታል፤ ያን ቀን ጥሩ ይበላል። አንዳንድ ቀን አያምናትም። ብዙ ጊዜ ምን እያሰበ እንደሆነ ከዓይኑ፣ ከእጁ ልታነብ ሞክራለች፤ የሙያዋ ነገር ሆኖባት። ተወችው። ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥን ከሃምሳ ዓመቷ ወዲያ ተማረች።

እንዲህ መምጣት በጀመረች በስምንተኛው ወር ሳንባው ታመመ። አንድ ጠዋት ልጁ ደወለችላት፤ «ነይ» ብቻ አለቻት። ስትደርስ አልቆ ነበር። ወንድሟ ፊት ላይ የቀረ ነገር አልነበረም፤ ፍርሃትም፣ ጥያቄም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ተበትኖ ሁለቱ ሴቶች ክፍሉን ያጸዱ ነበር። ልጁ ሸሚዞቹን ታጥፋለች፣ አክስቷ አልጋውን ገፍታ ሥሩን ትጠርጋለች። ልጁ የመጨረሻውን ሸሚዝ ይዛ ሳታጥፈው ቆመች።

«ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አለች። «ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«አልጠይቅሽም» አለች ለምኔ።

«ሞክሬ ነበር። ደብተሩ ይመጣብኛል።» ሸሚዙን አጠፈችው። ጓዳውን በዓይኗ ዞራ አየች፤ ገና ያልተነካ ነገር ብዙ አለ፤ የእንጨት ሥራ መሣሪያው፣ ጫማው፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ። «ብቻዬን አልጨርሰውም» አለች በመጨረሻ። «ነገም ነይ።»

ለምኔ ማግስቱን ማልዳ ሄደች።